በጥንዚዛ ላይ ስለምትሳፈር ትንሽ ፍጥረት

በመስከረም ወር፥ ዝናሙ ቀለል ብሎ መስኩ በአደይ አበባ በሚያጌጥበት ጊዜ፥ በጎንደር ከተማ አጠገብ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች ዳር ከብት የሚጠብቁ ልጆች የሚያዩት ነገር ብዙ ነው። ከሚያዩትም አንዱ ጥንዚዛ ነው። ጥንዚዛው ከትኩስ የላም እበት ቈርሶ እንደ ኳስ ያድቦለቡላል፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በኋላ እግሮቹ እየገፋ ይወስደዋል። ዳገት ሲያጋጥመው ከነሸክሙ ተንከባልሎ ይወድቃል፤ ተነሥቶም እንደ ገና ይገፋል። ልጆቹ ይህን እያዩ ይሥቃሉ፤ አንዳንዱም በእንጨት ገልብጦ ያንጋልለዋል። በዚያን ጊዜ በጥንዚዛው ደረትና በእግሮቹ ሥር፥ ቀላ ያሉ፥ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጡ ነገሮች ሲርመሰመሱ ይታያሉ።

አንዱ ልጅ፥ «ቅማሎቹ ናቸው» ይላል። ሁለተኛው፥ «አይደለም፥ ልጆቹን አዝሎ ነው» ይላል። ሦስተኛው፥ «ደሙን እየመጠጡ ሊገድሉት ነው» ብሎ ይፈርድና ጥንዚዛውን ከነተሸከማቸው በድንጋይ ይጨፈልቃል። ሦስቱም ተሳስተዋል። ከሦስቱ ግን የከፋው የሦስተኛው ስሕተት ነው፤ ሳይመረምር ፈርዶአልና፥ ፍርዱም ሞት ነውና። እንዲህ ያለው ፍርድ በልጆች ብቻ የሚገኝ አይደለም። ትልልቆችም በዓይን ለማየት የሚያስቸግረውን ፍጥረት ሁሉ «ተባይ» በሚል በአንድ ስም ጠቅልለው ይተዉታል፤ ስምም የሌለውን ነገር ማንም ሲጠፋ አይፈልገውም።

ያች ቀይ ነጥብ የመዥገር ወገን ናት። ስለዚህ በዚህ ንባብ ውስጥ የጥንዚዛ መዥገር ትባላለች። እግሮችዋ እንደ ሸረሪትና እንደ ጊንጥ ስምንት ናቸው፤ ከእንቁላል እንደ ወጣች ግን ስድስት ብቻ ናቸው፥ ሁለቱ በኋላ ይጨመሩላታል። ክንፍ የላትም፤ ዓይንም የላትም። የምትኖረው በእበት ውስጥ ነው። እበት ደግሞ በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ የደረቀም እንደሆነ ለእርስዋ ምግብ አይገኝበትም። ክንፍና ዓይን የሌላት ፍጥረት፥ ከጤፍ ቅንጣት የማትበልጥ ሆና፥ ከአንዱ መስክ ወደ ሌላው መስክ እንዴት ትሄዳለች? ጥንዚዛው የትኩስ እበት ሽታ ከሩቅ ያውቃል፥ ይበራልም። እርስዋም ከመብረሩ በፊት ትወጣበትና የሰውነቱን ጠጕር በመንጋጋዋ ይዛ ትሳፈራለች። ማክሮኬሌስ ተብለው ከሚጠሩት ከነዚህ መዥገሮች በብዙዎቹ ዘንድ የምትሳፈረው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ ወንዱ እዚያው ከተወለደበት ይቀራል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ በበቅሎ የተቀመጠ እንደሆነ፥ በቅሎዪቱን በላት አይባልም። የጥንዚዛ መዥገርም እንደዚሁ ነው። ጥንዚዛው ከትኩስ እበት ላይ ሲያርፍ ትወርዳለች፤ በዚያም ዝንቦች የጣሉትን እንቁላልና ጥቃቅን ትሎችን ትበላለች። ዝንብም የጥንዚዛውን ልጆች ምግብ የሚሻማ ነውና፥ የተሸከማት ጥንዚዛ ከዚህ ይጠቀማል ማለት ይቻላል። ሆኖም የተሳፋሪ ሁሉ ጠባይ አንድ አይደለም። ከመዥገር ወገን በጥንዚዛ የክንፍ ሽፋን ሥር ተሸሽገው ሰውነቱን የሚመጡ፥ የሚጎዱትም አሉ። የትኛዪቱ መንገደኛ፥ የትኛዪቱስ ቀማኛ እንደ ሆነች የሚለየው እያንዳንዲቱን ለብቻዋ ያየ፥ የመረመረ፥ ያየውንም የጻፈ ሰው ነው።

ይህም ሥራ ለጎንደር አገር እንግዳ መስሎ ሊታይ አይገባውም። በጎንደር ከጥንት ጀምሮ መጻሕፍትን በብራና የሚገለብጡ ጸሐፊዎች ነበሩ። ጸሐፊው ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ ሥራው አላለቀም፤ ከእናት መጽሐፉ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያየዋል። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ነገሩ ሁሉ ይለወጣልና። በግእዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌባ ሆነ ማለት ነው። ለጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለዓይን ግን የተለያዩ ናቸው። ያልተማረ ሰው፥ «አንዲት ፊደል ምን ታመጣለች?» ይላል። የተማረው ግን ፀሐይን ከሌባ ጋር እንዳይቀላቅል ይጠነቀቃል።

አዲስ የመዥገር ዓይነት የሚገልጽ ሰውም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ትንሺቱን ፍጥረት በአልኮል ያኖራታል፤ ከዚያም በቀጭን መስታወት ላይ አጋድሞ በማይክሮስኮፕ ያያታል። በጀርባዋ ላይ ያለውን ጋሻ የመሰለ ቅርፊት ይለካል፤ በላዩ የበቀሉትን ጠጕሮች አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ የትኛው ጠጕር ቀጥ ያለ፥ የትኛውስ ጫፉ እንደ ላባ የተከፈለ እንደ ሆነ ይመለከታል፤ መንጋጋዋን፥ የእግርዋንም ጥፍር በሥዕል ይሥላል። ከዚህ በኋላ ከእርስዋ በፊት ስለ ዘመዶችዋ የተጻፈውን ሁሉ ያነባል፥ ከእነርሱም ጋር ያስተያያታል። ይህ ከሁሉ የሚረዝም ድካም ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰውየው «አዲስ አገኘሁ» ብሎ ከደከመ በኋላ፥ ከመቶ ዓመት በፊት ሌላ ሰው ያንኑ ገልጾት ያገኘዋል። በዚያን ጊዜ ሳያፍር ይተወዋል። አዲስ እንደ ሆነች የተረጋገጠ እንደሆነ ግን ስም ያወጣላታል፥ በማኅተምም ታትሞ ይወጣል። ጽሑፉ የተጻፈባት ያች አንዲት መዥገር ደግሞ እንደ እናት መጽሐፍ ሆና በቤተ መዘክር ትቀመጣለች፤ ከእርስዋ በኋላ የሚጠራጠር ሁሉ ወደ እርስዋ ሄዶ ያመሳክራል።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ያለው ቃል ይመሰገናል። በዚህ ሥራ ግን አንድ ቃል ሁለት ፍች ያለው እንደሆነ ጥፋት ነው። የቅኔ ተማሪ ወደዚህ ሥራ ቢገባ ይህ ነገር መጀመሪያ ያስቸግረው ይሆናል፤ የትዕግሥቱ ልማድ ግን ከሌላው ሁሉ ያስቀድመዋል።

ስለ ስሙም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በዚህ ንባብ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። አዳም ለእንስሳት ስም እንዳወጣ መጽሐፍ ይናገራል፤ ነገር ግን ልጆቹ በየቋንቋቸው ስለ ተለያዩ፥ አንዱ አራዊት በመቶ ስም ይጠራ ጀመር። ሊኔየስ የሚባል የስዊድን ሊቅ ይህን አይቶ ለእያንዳንዱ ፍጥረት ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም ይሰጥ ጀመር፤ በ1758 ያሳተመው መጽሐፉም ለእንስሳት ስም ሁሉ መነሻ ሆነ። የመጀመሪያው ቃል የወገን ስም ነው፥ ሁለተኛው የራስ ስም ነው። ከአንድ የበለጠ ስም የወጣለት እንደሆነ ቀድሞ የታተመው ይጸናል። ሁለተኛውም ቃል ከላቲን ብቻ እንዲመጣ ግዴታ የለም፤ ከማናቸውም ቋንቋ ሊወሰድ ይችላል።

የዚህ ምስክር ከጎንደር በስተሰሜን ባለው በስሜን ተራራ ላይ ይገኛል። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የጀርመን ሰው በ1832 እና በ1833 በስሜንና በጎንደር ነበረ። ያየውንና የሰበሰበውን ወደ አገሩ ወደ ፍራንክፉርት ወሰደ፤ በ1835ም ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ፥ በ1840 ደግሞ ስለ ቀይ ቀበሮ ጽፎ አሳተመ። ዋልያን ካፕራ ዋሊ አለው፤ ካፕራ በላቲን ፍየል ማለት ነው፥ ዋሊ ግን የአገሩ ሰው የሚጠራበት የራሱ ስም ነው። የጭላዳም የሊቃውንት ስም ጌላዳ የሚለው ከአገሩ ቃል የመጣ ነው። ቀይ ቀበሮውን ካኒስ ሲሜንሲስ አለው፥ ይኸውም የስሜን ውሻ ማለት ነው። እንግዲህ በቶኪዮ ወይም በሞስኮ ያለ ሊቅ ዋልያን በትክክለኛ ስሙ ሊጠራ ሲወድ፥ የስሜን ባላገር በልጅነቱ የተማረውን ቃል ይጠራል። ይህ ትንሽ ክብር አይደለም። ለዚህም ሩፔል ሊመሰገን ይገባዋል፤ ጆሮውን ከፍቶ ሰምቶአልና።

በኮሶ ዛፍ ላይ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1770 ጎንደር ገባ፥ ስለ ኮሶም ጻፈ። ኮሶ ዱሮ እያንዳንዱ የጎንደር ሰው ፊቱን እያጨማደደ የሚጠጣው መድኃኒት ነበረ፤ ለብሩስ ያሳዩትም የአገሩ ሰዎች ናቸው። ብሩስ ግን ለእንግሊዛዊው ወዳጁ ለባንክስ መታሰቢያ አደረገው። እርሱም ስም አልጸናም፤ በኋላ የጸናው ሀጌንያ የሚለው ነው፥ ይህም በኬኒግስበርግ ከተማ ለነበረ ሀገን ለሚባል የጀርመን ሊቅ መታሰቢያ ነው። ኮሶን ቀምሶ የማያውቅ ሰው በኮሶ ስም ከበረ! የሕጉ ነገር እንዲህ ነው፤ ስሙን የሚያወጣው ያወቀው ሰው ሳይሆን፥ የጻፈውና ያሳተመው ሰው ነው።

ስለዚህ «ፈረንጆች ስማችንን ወሰዱብን» ብሎ ማማረር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ዋልያን ሲያድን፥ ኮሶን ሲቀጠቅጥ የኖረው የአገሩ ሰው ዕውቀት ነበረው፤ ዕውቀቱን ግን በዚያ መንገድ በወረቀት አላሰፈረውም። የሌላው ግማሽ እውነት ደግሞ እንዲህ ነው፤ ሩፔል የሰበሰባቸው አራዊት እስከ ዛሬ በፍራንክፉርት በዘንከንበርግ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ዋልያ የሚኖረው በስሜን ብቻ ሆኖ ሳለ፥ የዋልያን እናት መጽሐፍ ለማየት የሚወድ የጎንደር ተማሪ ባሕር መሻገር አለበት። ይህ ነገር ሊያሳዝን ይገባል። ማዘን ግን የሚጠቅመው ያላለቀውን ሥራ ያስጀመረ እንደሆነ ነው፤ ታላላቆቹ አራዊት ስም ወጥቶላቸዋል፥ ያልተቈጠሩት ታናናሾቹ ናቸውና።

ከሩፔል በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፥ በ1952 እና በ1953 ሂዩ ስኮት የሚባል የእንግሊዝ የነፍሳት ሊቅ ወደ ስሜን ከፍታ ወጣ። ዕድሜው ከስድሳ ዓመት አልፎ ነበረ፤ የወጣውም ዋልያን ሊያድን አይደለም፥ በጅብራና በድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ጥቃቅን ነፍሳት ሊሰበስብ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው ያ አገር እንደ ደሴት ነው። ዙሪያውን ቈላና ገደል ስለ ከበበው፥ ክንፍ የሌለው ወይም ብርድ የለመደ ፍጥረት ወደ ሌላ ተራራ መሻገር አይችልም፤ ስለዚህ በዚያ ብቻ የሚገኙ ዓይነቶች ይኖራሉ። በጥንዚዛ ላይ የምትኖር መዥገር ደግሞ በደሴት ላይ ያለች ደሴት ናት። ጥንዚዛው የተለየ ዓይነት የሆነ እንደሆነ፥ የተሳፈረችበትም የተለየች ልትሆን ትችላለች። ሊቃውንትም ብዙ ጊዜ በየቤተ መዘክሩ በመርፌ ተሰክተው የኖሩትን የዱሮ ጥንዚዛዎች ገልብጠው ሲያዩ፥ በደረታቸው ሥር ማንም ያልጻፈላትን መዥገር ደርቃ ያገኛሉ። ሰብሳቢው ጥንዚዛውን ብቻ ያየ መስሎት ነበር።

አሁን አንድ ጠያቂ ተነሥቶ፥ «ሰው እህል ባጣበት አገር የተባይ ጠጕር መቍጠር ምን ይረባል?» ይላል። ይህ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ከብዙ ድካም የሚወጣ ነውና በንቀት ሊመለስ አይገባውም። መልሱን ግን ከንብ ቀፎ ማግኘት ይቻላል።

በ1904 ኦውደማንስ የሚባል የሆላንድ ሊቅ ከጃቫ ደሴት ከመጣ ንብ ላይ ያገኘውን መዥገር ገለጸና ቫሮአ ጃኮብሶኒ ብሎ ሰየመ። ከብዙ ዓመት በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ቀፎዎች ማለቅ ጀመሩ፤ በንቦቹም ላይ መዥገር ተገኘ። ሰው ሁሉ፥ «ይህች ያች የጃቫዪቱ ናት» አለ። ብዙ መጽሐፍ ተጻፈ፥ ብዙ መድኃኒት ተሞከረ፥ ሁሉም በዚያ ስም። በ2000 ዓመት ግን አንደርሰንና ትሩማን የሚባሉ በአውስትራሊያ የሚሠሩ ሁለት ሊቃውንት መዥገሮቹን ከየአገሩ ሰብስበው ለኩ፥ መረመሩም፤ ቀፎ የምታጠፋው ሌላ ዓይነት፥ በሰውነትዋም የምትበልጥ ሆና ተገኘች። ስምዋንም ቫሮአ ዴስትራክተር አሉአት፥ ዴስትራክተር አጥፊ ማለት ነው። ሰዎች ብዙ ዓመታት አንዲቱን እየከሰሱ ሌላዪቱን ሲያሳድዱ ኖረዋል ማለት ነው። ነገሩ የተፈታው በመለካት ነው፥ ጠያቂው የናቀው በዚያው ሥራ። ማርና ጠጅ የሚወድ አገርስ ይህን ወሬ እንደ ሩቅ ወሬ ሊሰማው አይገባም።

ሁለተኛው መልስ በሰው ቆዳ ላይ ነው። እከክ የሚያመጣው ፍጥረት የጥንዚዛ መዥገር ዘመድ ነው። ብዙ ዘመን ሊቃውንት እከክ የሚመጣው ከደም መበላሸት ነው ይሉ ነበር። በ1687 ቦኖሞ የሚባል የጣልያን ሐኪም ከጓደኛው ከቼስቶኒ ጋር ሆኖ በማይክሮስኮፕ አየና ጻፈ፤ ሐኪሞች ግን ከመቶ ዓመት በላይ አላመኑትም። በመጨረሻ በ1834 ሬኑቺ የሚባል የኮርሲካ ተማሪ በፓሪስ ከታላላቆች ሐኪሞች ፊት በመርፌ ጫፍ አውጥቶ አሳየ። ይህን ዘዴ ከየት ተማረው? ከአገሩ ድኆች ሴቶች ነው፤ እነርሱ የልጆቻቸውን እከክ በመርፌ ሲለቅሙ አይቶ ነበረ። የፓሪስ ሐኪሞች ያላወቁትን የኮርሲካ እናቶች ያውቁ ነበር። በአማራ ክልልም ከ2015 ድርቅ በኋላ፥ ውኃ በጠፋበት ጊዜ፥ እከክ በብዙ ወረዳ ተስፋፍቶ ሕዝቡን አስጨንቆ ነበረ፤ ኢቨርሜክቲን የሚባለው መድኃኒትም ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ታደለ። መድኃኒት የተገኘው ጠላቱ ማን እንደ ሆነ ስለ ታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ይግባ። ይኸው ኢቨርሜክቲን ለከብትም ይሰጣል፥ የሆድ ትልንም ያጠፋል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከከብቱ ከእበቱ ጋር ይወጣል፥ በእበቱም ውስጥ ያሉትን የጥንዚዛ እጮች ይጎዳል። ጥንዚዛ በጠፋበት መስክ እበቱ ሳይቀበር ይቀራል፥ ዝንብም ይበዛል፤ በጥንዚዛው ተሳፍራ ትመጣ የነበረችውም የእንቁላል በላተኛ ከእርሱ ጋር ትቀራለች። መድኃኒቱ ክፉ ነው ማለት አይደለም። አንዱን ለማዳን ሲታሰብ ሌላው እንደሚነካ ለማወቅ ግን፥ ሌላው መኖሩ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚልም ይኖራል። ዶክቶር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ቆመው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ፤ ከሚያጥቡበትም በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ነበሩ። እንዶድ በዚያ ወንዝ ከጥንት ጀምሮ ታጥቦበታል፥ ቀንድ አውጣም ከጥንት ጀምሮ ሞቶአል፤ ያን ቀን ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ቆሞ «ለምን?» አለ። ዕፀዋትን በመግለጽ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ተሠርቶአል። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በ2009 ተፈጸመ፤ በዚህም እንደ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና እንደ ሰብስቤ ደምሰው ያሉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከውጭ አገር ጓደኞቻቸው ጋር ሠርተዋል። የደረቁት ቅጠሎችም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል፤ ተማሪው ባሕር ሳይሻገር ሄዶ ያያቸዋል። ለጥንዚዛና ለመዥገር ወገን ግን እንዲህ ከዳር እስከ ዳር የተፈጸመ መጽሐፍ የለም። ዕፀዋትን በሠላሳ ዓመት መጻፍ የቻለ አገር ይህን አይችልም ማለት ሐሰት ነው። በጎንደርም በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ትምህርት ቤት ዛሬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኖአል፤ ማይክሮስኮፕም ከእረኛው መስክ ሩቅ አይደለም።

የሚጎድለው በእረኛውና በማይክሮስኮፑ መካከል ያለው መንገድ ነው። እረኛው ያያል፥ አይጽፍም። ተማሪው ይጽፋል፥ ብዙ ጊዜ ግን ወደ መስክ ወርዶ አያይም፤ እበት መንካት የትምህርትን ክብር የሚቀንስ ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ ከትምህርት የመጣ አይደለም፥ ከትዕቢት ነው፤ ብራና የሚዳምጥ የጥንት ተማሪ እጁ የፍየል ቆዳ ይሸት ነበር፥ በዚያውም እጅ ቅዱሱን መጽሐፍ ይጽፍ ነበር።

መንገዱም ረዥም አይደለም። ልጁ ጥንዚዛውን ቀስ አድርጎ ያንጋልለው፤ በዶሮ ላባ ጫፍ ከደረቱ ሥር ያሉትን መዥገሮች ወደ ትንሽ ጠርሙስ ያራግፍ፤ ጥንዚዛውንም ወደ ኳሱ ይልቀቀው። መምህሩ በጠርሙሱ ውስጥ አልኮል ይጨምርበት። ከዚያም በጠባብ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም በአልኮል ውስጥ ይሟሟል፥ እርሳስ ግን ይጸናል። ወረቀቱም በጠርሙሱ ውስጥ ይግባ እንጂ በውጭ አይለጠፍ፤ በውጭ የተለጠፈ ይወድቃልና። ከየት እንደ መጣች ያልተጻፈላት መዥገር፥ ምንም አዲስ ዓይነት ብትሆን፥ ለሊቁ ከንቱ ናት። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈውም ይህን ያህል ነው፤ ጎንደር፥ አንገረብ ወንዝ ዳር፤ መስከረም 20 ቀን ከነዓመቱ፤ ከላም እበት ላይ ከተያዘ ጥንዚዛ፥ ከደረቱ ሥር፤ ከዚህም በታች የልጁ ስም ከነአባቱ።